የተነቀለው በር

በዚያ ሰሞን የምንሰፋው ቲሸርት ደረቱ ላይ «ድህነት ይብቃ! መብት ለሰው ሁሉ!» ይላል። ያዘዙት ሩቅ አገር ሰልፍ የሚወጡ ሰዎች ናቸው። እኔ የምሰፋው እጅጌ ነው፤ ደረቱ ላይ ያለው አይመለከተኝም። ግን ዓይን አለኝና አነባለሁ። ባነበብኩት ቁጥር ዞር ብዬ የኋላውን በር አያለሁ፤ በሩ እንደተቆለፈ ነው።

አዳራሻችን ሁለት በር አለው። የፊተኛው ልብስ በሚተኮስበት ክፍል በኩል ያስወጣል። የኋላው የብረት በር ወደ ግቢው ይከፈታል፤ መከፈት ከተባለ። ባለቤቱ «ጨርቅ ይሰረቃል» ብሎ ያስቆልፈዋል። ባለፈው የካውያ ሽቦ ተቃጥሎ አዳራሹ በጭስ ሲታፈን፣ ሁላችንም ወደዚያ በር ሮጥን። ቁልፉ እስኪመጣ እርስ በርስ ተረጋገጥን፤ ክር ቆራጯ ልጅ ክንዷ ተሰበረ። እሳቱ ጠፋ፣ ባለቤቱ «ተመስገን» አለ፣ በሩም ተመልሶ ተቆለፈ። እኔን ግን ንዴቱ አልለቀቀኝም።

ቁልፉን አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው ማን መሰላችሁ? ታናሽ እህቴ። እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት፣ እዚህ ሥራም እጇን ይዤ ያስገባኋት እህቴ። ቀልጣፋ ስለሆነች ቶሎ ተቆጣጣሪ ሆነች። ሴቶቹ በሌለችበት «ዘበኛዋ» ይሏታል፤ እኔ ስደርስ ወሬ ይቀይራሉ። የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው።

አንድ ቀን የታጠበ ልብስ እያጠፍን፣ «እትዬ፣ እንግዶች ሊመጡ ነው» አለችኝ። «ቲሸርቱን ያዘዙት ሰዎች። የት እንደሚሰፋ በዓይናችን እንይ ብለዋል።»

«በሩስ?»

«ቀለም ይቀባል። የዚያን ቀን ተከፍቶ ይውላል።»

«በማግስቱስ?»

አንሶላውን አራገፈች። «ተይ እትዬ፣ ዝም አይነቅዝም» አለች።

«እኛ ነቅዘናል! የዚያችን ልጅ ክንድ አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ግን አፍ ካወጣን ሁለታችንም ሥራ የለንም። የቤት ኪራዩን ማን ሊከፍልልን ነው፣ ሰልፈኞቹ?»

እውነቷን ነው። እኔን የሚያበግነኝም እውነት መናገሯ ነው።

ለእንግዶቹ ልንገራቸው ብዬ አሰብኩ። ግን ወለል ብሎ የተከፈተ በር እያዩ «ይቆለፋል» ብላቸው ማን ያምነኛል? እነሱ ከሄዱ በኋላ የሚቀር ነገር ያስፈልግ ነበር። ጨርቅ ቆራጯን አማከርኳት። ክንዷ የወንድ ክንድ የሚያስንቅ ስለሆነ «ክሬን» ነው የምንላት።

«ያ በር ሲገጠም ነበርኩ» አለች ክሬን። «ማጠፊያው ላይ ቁጭ ብሏል እንጂ አልተበየደም። ከተከፈተ ብድግ ማድረግ ነው። ግን የት እንወስደዋለን?»

«የመቁረጫ ጠረጴዛዬ እግሩ ተሰበረ እያልሽ አልነበር የምታለቅሺው?»

እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

ቀኑ ደረሰ። እህቴ ጠዋት በሩን ከፍታ እንግዶቹን ልትቀበል ወደ ፊት ሄደች። ክሬን፣ እኔና ሁለት ኮሌታ ሰፊዎች ተነሳን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ አንበሳውን እንጃ፣ የብረት በር ግን ያነሳል። የአንዷ ጣት ተቀረጠፈ፤ ከንፈሯን ነከሰች እንጂ ድምፅ አላሰማችም። በሩን ሳጥኖች ላይ አጋድመን ጨርቅ ዘረጋንበት። ክሬንም መቀሷን አንስታ መቁረጧን ቀጠለች።

እንግዶቹ ገቡ። አለቃቸው ባለ ሽበት ሴት ናት፤ አጠገቧ አስተርጓሚ አለ። ባለቤቱ ፈገግ እያለ አዳራሹን አስጎበኛቸውና ወደ ኋላ መራቸው። «ይሄ የአደጋ ጊዜ መውጫችን ነው፤ ሁልጊዜም ክፍት...» አለና ቀና ሲል፣ በር የለም። ግድግዳው ላይ ባዶ ቦታ ብቻ።

«በሩ የታለ?» አለች ባለ ሽበቷ በአስተርጓሚው በኩል።

ከማሽኔ ተነሳሁ። «ጨርቅ እየቆረጥንበት ነው» አልኩ። ክሬን ጨርቁን ስትገልጠው አዲሱ አረንጓዴ ቀለም አብለጨለጨ። «ዛሬ የተከፈተው ለእናንተ ነው። ስትሄዱ ይቆለፋል። እንዳይቆለፍብን ነቀልነው።»

ባለቤቱ ሳቀ። «ይቺ ቀልድ ትወዳለች። ቁልፉን የምትይዘው የገዛ እህቷ ናት፤ እሷ ትናገር። በይ እስቲ ንገሪያቸው፣ በሩ ይቆለፋል?»

ተማምኖባታል። እኔ ደግሞ አልተማመንኩባትም። አዎ ካለች እንጀራዋ ተዘጋ፤ አይ ካለች እኔ ውሸታም ሆኜ እባረራለሁ። ማሽኖቹ ሁሉ ቀጥ አሉ። እህቴ እኔን አየች፣ ክር ቆራጯን አየች። ያሳደግኋትን ልጅ ምን ውስጥ ከተትኳት አልኩ። ግን ቃሌን አላጠፍኩም።

«ይቆለፋል» አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር። ጉሮሮዋን ጠረገችና ደገመችው። «ከገባን እስክንወጣ ይቆለፋል። የምቆልፈውም እኔ ነኝ።»

ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ የተጋደመው በር ላይ አኖረችው። አስተርጓሚው ባለቤቱን አየና መተርጎሙን ተወ። ባለ ሽበቷ የአስተርጓሚውን ክንድ ያዘች፤ ቃል በቃል እስኪነግራት አልለቀቀችውም።

ከዚያ ቢሮ ገብተው ብዙ ተነጋገሩ። ሲወጡ የባለቤቱ ፊት ቲማቲም መስሏል። ያ ቦታ በር ከተገጠመበት ወይም ከእኛ አንዷ ከተባረረች ሌላ ትእዛዝ የለም ተብሏል። እህቴን ማባረር ባይችልም ከተቆጣጣሪነት አወረዳት።

አሁን አጠገቤ ተቀምጣ እጅጌ ትሰፋለች። መጀመሪያ የሰፋችው ክንዱ ለዞረ ሰው ካልሆነ ለማንም አይሆንም ነበር፤ እስካሁን እስቅባታለሁ። «ዘበኛዋ» የሚላት ጠፍቷል። ቁልፉን ክሬን ጨርቁ እንዳይሸሽባት ላዩ ላይ ትጭነዋለች። የማዶው ፋብሪካ ሴቶችም መጥተው ባዶውን ቦታ አይተው፣ በሩን በእጃቸው ዳስሰው ሄደዋል። የእነሱም በር ማጠፊያው ላይ ቁጭ ያለ መሆን አለመሆኑን እሑድ ሄደን እናያለን።

ዛሬ ዝናቡ ከነነፋሱ እየገባ ጀርባችንን ሲመታን፣ አንዷ ከፊት፣ «ኧረ ቢያንስ መጋረጃ እንስቀልበት!» ብላ ጮኸች።

አፌን ከመክፈቴ በፊት እህቴ ቀደመችኝ። «የበረደው ሹራብ ይልበስ!» አለችና እጅጌዋን መስፋት ቀጠለች።