ከሰልፉ ፊት

«ግባ ውጣ የሚለኝ ማነው?» አለ ጌትነት። ከበሮውን ከአንገቱ አውልቆ ወንበር ላይ አስቀመጠና ከልምምድ አዳራሹ ወጣ። ተወዛዋዦቹ በቆሙበት ቀሩ። የኪነት ቡድኑ አዘጋጅና መሪ የነበረው መለሰ ባሕር ዳር ሥራ አግኝቶ ጎንደርን ከለቀቀ ወዲህ ልምምዱ በጭቅጭቅ ነበር የሚያልቀው። የክልሉ የባህል ፌስቲቫል ደግሞ ደርሷል።

ሐረገወይን ጌትነትን ተከትላ ወጣች። በቡድኑ ውስጥ እንደ እሷ የቆየ ተወዛዋዥ የለም። ጌትነት ሲያገባ የሙሽራዋ ሚዜ ሆና ነበር፤ አባላቱ ሲጣሉም የምታስታርቀው እሷ ናት። ራሷን ግን እንደ መሪ አስባ አታውቅም። የምትወደው መወዛወዙን ነው።

ጌትነት ንዴቱ ሲበርድለት፣ ያለ ዋሽንት ሥራው እንደማይሞላ ነገራት። ዋሽንት ነፊው አላምረው ከመለሰ ጋር ተቀያይሞ ከጎንደር ወጣ ባለችው ትክል ድንጋይ፣ እርሻው ላይ ከቀረ ቆይቷል።

«እሱን ካመጣሽው እኔም እመለሳለሁ» አላት።

በማግስቱ በሚኒባስ ትክል ድንጋይ ወረደች። አላምረው ከጎረቤቶቹ ጋር ጤፍ ያጭዳል። ማጭድ ተቀብላ እስከ ምሳ አብራ አጨደች። ምሳ ላይ ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፤ በመጨረሻ የመጣችበትን ነገረችው።

«ማን ሆነና አለቃው?» አላት።

«ገና ነው፣ አያ አላምረው። የባህል ቢሮው ሰው እየፈለገ ነው።»

«ለማላውቀው ሰውማ አልነፋም። ወንድሜ የሞተ ጊዜ ከዚያ ሁሉ ሰው ለቅሶ የደረስሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። የምትመሪው አንቺ ከሆንሽ ግን እመጣለሁ።»

«እኔ እኮ ተወዛዋዥ ነኝ።»

«ምነው ታዲያ? ሰዉ ሲቸግረው አንቺ ዘንድ አይደል የሚመጣ?»

  ጎንደር እንደገባች ለጌትነት ደውላ የአላምረውን ቃል ነገረችው፤ ለመምራት መስማማቷንም ገለጸችለት። እሱም ሆነ ሌሎቹ ይህንኑ ከአፏ ሲጠብቁ እንደከረሙ ነገራት። የባህል ቢሮ ኃላፊዋ ወይዘሮ እታገኘሁም አባላቱ ከተስማሙ እንደማይቃወሙ አስታወቁ። አባላቱ ተስማሙ።

አላምረው እንዳለው መጣ፤ ጌትነትም ወደ ከበሮው ተመለሰ። በመጀመሪያው ልምምድ ሐረገወይን እንደ ወትሮዋ ከፊተኛው ሰልፍ መሐል ቆመች። ዋሽንቱ ሲጀምር ትከሻዋ ራሱ ተነሣ። ጥቂት እንደሄዱ ግን ከኋላ አንድ ሰው ምት ሲስት በእግሩ ድምፅ አወቀች፤ ማን እንደሆነ ከቆመችበት አይታይም። ዞር ስትል ደግሞ ራሷ ሳተች።

እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው። ላቧን ጠረገች።

«ቃልኪዳን፣ ነይ እዚህ ቁሚ» አለች፤ ከኋለኛው ሰልፍ ያለችውን ወጣት።

«ያንቺ ቦታ አይደለም እንዴ?»

«ነበር።»

ሐረገወይን ከሰልፉ ወጥታ ወደፊት ተራመደችና ፊቷን ወደ እነሱ መለሰች። አሁን ሁሉም ይታዩዋታል።

«ጌትነት፣ ከመጀመሪያው» አለች።