ከእንጨት ዓሣ ሆድ የወጣው እርሳስ

ፌንጣ ሚዛኑን የማታስተካክለው የእንጨት ዓሣ ገና አልተጠረበም። ይህን የምትለው ራሷ ፌንጣ ናት፤ አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ ነው ስሙ የወጣላት። ሰፈሩ ደግሞ ሰምቶ ሰምቶ ሰልችቶታል።

አጎቷ አናጢ ነው። ትልልቅ ዓሣ ለማታለል ትንንሽ ዓሣ ከእንጨት ይጠርባል። ሆዳቸው ተበስቶ ማክበጃ የእርሳስ ብረት ካልተቀበረበት ግን ውሃ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ይቀራሉ። እርሳስ መቅበር የእሱ ሥራ ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ የእሷ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታለሰልስ ጣቷ ላይ አሻራ የሚባል አልቀረም። ባለፈው ሳምንት ታዲያ አጎቷ፣ «እስቲ አንዱን ራስሽ መዝኚው። ደንበኛችን አጥማጁ ከኔው ጋር አወዳድሮ ከወደደልሽ ከእንግዲህ እርሳሱ ያንቺ፣ ብርጭቆ ወረቀቱ የኔ» አላት።

ከዚያ ወዲያ ምን እንቅልፍ አለ! ሆዱን በስታ፣ እርሳሱን ሦስት ቦታ ከፋፍላ ቀብራ፣ በስቱኮ ደፍና ሳፋ ውስጥ ብትለቀው ዓሣው ጀርባውን ብቻ ብቅ አድርጎ ቀጥ አለ። ከጉሮሮው ሥር ያለችውን ሦስተኛዋን ቀዳዳ ለማንም አልነገረችም። ለአጎቷ ብቻ ሹክ አለችው። «አንቺ እኮ ጉድ ነሽ!» ብሎ ራሷን ዳበሳትና ቀለም ሊቀባው፣ መንጠቆ ሊሰቅልበት ተቀበላት።

አጥማጁ በሚመጣበት ቀን ጠዋት ዓሣዋን ብድግ ብታደርገው ቀለላት። ገልብጣ አየችው። ከጉሮሮው ሥር ቀለሙ ተልጧል፤ ስቱኮው ገና እርጥብ ነው። ጥፍሯን ብትሰድበት ስምጥ አለ። ባዶ! እርሳሷ አጎቷ ጠረጴዛ ላይ፣ መሰርሰሪያው አጠገብ ተጋድማለች።

ሌላ ሰው ቢሆን እኮ ትሰድበውና ይወጣላት ነበር። ቀዳዳዋን የሚያውቅ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ያመነችው። «የራሱ ዓሣ እንዲመረጥለት ነዋ! ሽበቱን አያፍርም?» እንባዋን ዋጥ አድርጋ እርሳሷን ወደ ቦታዋ መለሰችና በሙጫ ደፈነቻት። ወደ ሳፋው ልትሄድ ስትል አጥማጁ ከበር ተጣራ። ሳፋውን ተወችው። ደግሞ የገዛ እጇን ልትጠራጠር ነው?

ሐይቁ ዳር አጥማጁ መጀመሪያ የአጎቷን ወረወረ። ክሩን ሲስበው ዓሣው ወገቡን እያወዛወዘ መጣ። ከዚያ የእሷን ወረወረ። ጠብ አለ፤ ጠለቀ፤ አለቀ። ቢስበው ቢጎትተው ጭቃው ውስጥ ተተክሎ እምቢ አለ፤ በመጨረሻ ክሩ ተበጠሰ።

«እኔ ማጥመጃ ብል መልህቅ ሠራችሁልኝ?» ብሎ አጥማጁ ሳቀ።

ፌንጣ ወደ አጎቷ ዞረች።

«አሁን ደስ አለህ፣ ጋሼ? ለአንተ ብቻ ብነግርህ ሆዱን ከፍተህ እርሳሴን ሰረቅከኝ! መልሼ ብከተው እንኳ አንተ ስለነካካኸው ሰጠመ። አምኜህ ነበር እኮ!»

«መልሰሽ ከተትሽው?» አጎቷ አፉን ያዘ። ከዚያ አጥማጁ እየሰማ፣ ድምፁን ዝቅ እንኳ ሳያደርግ፣ «ሦስት መንጠቆ የሚሸከመውን ዓሣ ያለ መንጠቆ መዝነሽ ሰጠሽኝ። ብሰቅልበት ሳፋው ውስጥ ሰጥሞ ቁጭ አለ፤ ሰው ፊት እንዳታፍሪ ብዬ አቀለልኩልሽ። ሰረቅከኝ ከምትዪኝ ውሃ ውስጥ አንዴ ብትነክሪው እጅሽ ይቆረጥ ነበር?» አላት።