የጥላሸቱ ሰላምታ

ጨዋታውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ መናገር በነበረብኝ ቀን አልተናገርኩትምና።

ዘመኑ 1961 ነው። ጋይንት ውስጥ፣ ዘጠነኛ ክፍል ገና በተከፈተበት ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። የዚያው የጋይንቷ ቤተ ልሔም ልጅ ነኝ፤ አባቴ መሪጌታ ነበሩና ስሜን ቀለመ ወርቅ አሉኝ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪዎቼ እንደ ዳዊት ይደግሙታል እንጂ አይገባቸውም ነበር። "ባክቴሪያ ምንድን ነው?" ስለው ገጹን አንድ ቃል ሳይስት የሚያነበንብልኝ ልጅ፣ "ታዲያ ቁስልህን ለምን ትታጠባለህ?" ስለው ጣራ ጣራ ያያል። በዚህ ተናድጄ ነው ጨዋታ መፍጠር የጀመርኩት። የሴል መከፋፈልን በገበጣ አስተማርኩ፤ በየጉድጓዱ አንዷ ጠጠር ሁለት፣ ሁለቷ አራት እየሆነች። የደም ዝውውርን ደግሞ ሜዳው ላይ በአመድ መንገድ አስምሬ፣ ከ"ሳንባ" ጠጠር እያነሡ ወደ "እግር" እንዲያደርሱ አሯሯጥኳቸው። ከጎንደር የመጣው ኢንስፔክተር አይቶ በሰው ፊት አመሰገነኝ። እኔም ተኮፈስኩ፤ ምን ይዋሻል።

ከሁሉም የምኮራበት ግን ተላላፊ በሽታን ለማስተማር የፈጠርኩት፣ "ሰላምታ" ያልኩት ጨዋታ ነበር። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ወደ ኋላ ይዘረጋሉ። እኔ ከኋላቸው እየዞርኩ የአንዱን መዳፍ ብቻ በዘይት የተለወሰ ጥላሸት እቀባለሁ። ከዚያ እንደ ገበያ ቀን እየተዘዋወሩ ይጨባበጣሉ፤ እያንዳንዱ ሦስት ሰው ይጨብጥና ስማቸውን በቅደም ተከተል ይጽፋል። በመጨረሻ መዳፍ ሁሉ ይገለጣል። ከአንድ እጅ ተነሥቶ ስንቱ ጋ እንደደረሰ እንቆጥራለን፣ ከዚያም ስሞቹን እያመሳከሩ በሽታው ከማን እንደተነሣ ይፈልጋሉ። ቀድሞ ያገኘ እርሳስ ይሸለማል።

ማንን ልቀባ ብዬ ስዞር የየልጁ እናት ታየችኝ። የአንዱ እጀ ጠባብ አዲስ ነው፤ የአንዷ ቀሚስ ነጭ ነው፤ ዘይትና ጥላሸት ደግሞ በእንዶድም አይለቅ። አልጣሽ ጋ ስደርስ ቆምኩ። አልጣሽ የቀጥቃጩ የአያ ፈንታ ልጅ ናት፤ በክፍሉ ካሉት አራት ሴቶች አንዷ፣ በባዮሎጂ ግን ከወንዱም ከሴቱም አንደኛ። ለብዙ ዓመት "ጎበዝ ስለሆነች ነው የመረጥኳት" ስል ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። ያን ጊዜ ያሰብኩት "የቀጥቃጭ ልጅ ጥላሸት ምኗ ነው? ማንስ መጥቶ ይቆጣኛል?" የሚለውን ነው። የአገሬ ሰው ቀጥቃጭን ቡዳ ነው እንደሚል የማላውቅ ይመስል ቀባኋት።

እሷም ምስጢሯን ጠብቃ እየሳቀች ተጫወተች። ከሠላሳ ሁለቱ ልጆች አሥራ ዘጠኙ እጃቸው ጠቆረ። ስሞቹን አመሳክራ ቀድማ ያገኘችው አጠገቧ የምትቀመጠው ደጊቱ ነበረች። ወንበር ላይ ወጥታ "አልጣሽ ናት! ከአልጣሽ ነው የተነሣው!" ብላ ጮኸች። ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩና እርሳሱን ሰጠኋት።

በሳምንቱ ደጊቱ ታመመች። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቀጥሎም ደረቷ ላይ ሽፍታ ወጣ። የክሊኒኩ ድሬሰር ታፈረ በር ላይ ሆኖ ገና እንዳያት "ተስቦ ነው" አለኝ፤ ቅማል የሚያመጣው በሽታ። አባቷ ግራዝማች በላይነህ የሐኪም ነገር አይወዱም ነበርና ኪኒኑን ለእናቲቱ በድብቅ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ታፈረም "በሁለት በሦስት ቀን ትኩሳቱ ይበርዳል፤ አታቋርጡባት" ብሎ አስጠነቀቀን። እስከዚህ ድረስ ሰው ነበርኩ።

ኪኒኑን በጀመረች በሁለተኛው ቀን ግራዝማች ራሳቸው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ልጅቱን በጢስ አጥነው "ማን ነሽ? ማን በላሽ?" ብለው አስለፍልፈዋታል። እሷም በትኩሳት እየቃዠች በቅርቡ የጮኸችውን ያንኑ ደግማ ጮኸች፤ "አልጣሽ ናት! ከአልጣሽ ነው የተነሣው!" አለች።

"ደግሞ ቅዠት እንዳትለኝ" አሉ ግራዝማች። "ልጆቹን አንድ በአንድ ጠይቄአለሁ። ክፍል ውስጥ፣ አንተው ባለህበት፣ በሽታው ከእሷ እንደሚነሣ በእጃችን አይተናል ብለው መሰከሩ። እንዲህ ነው ወይስ እንዲህ አይደለም?"

"እኔ ነኝ የቀባኋት" ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። ነገር ግን ግራዝማች ከአውራጃ ገዥው ጋር በአንድ ገበታ የሚቀርቡ ሰው ናቸው፤ "መምህሩ ልጆቻችንን በጥላሸት ያስጠነቁላል" ብለው ቢከሱኝ ጨዋታዬም እንጀራዬም አበቃ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው የዚያን ዕለቱን ዝምታዬን አላየም።

"እንግዲያው ትምጣልኝና እንትፍ ትበልባት" አሉ። በአገሩ ልማድ በላች የተባለችው ሰው በሽተኛው ላይ ምራቋን እንትፍ ካለች ይለቃል ይባላል። "እንቢ ካለች የዚያን የቀጥቃጭ ቤት አቃጥለዋለሁ።"

አልጣሽን ከክፍል ጠርቼ ይዣት ሄድኩ። መንገድ ላይ "ምንም አይደለም፣ ለይምሰል ነው፤ እንዲያው ለሰላም ብለን ነው" እያልኩ ብዙ ለፈለፍኩ።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ደጊቱ መደብ ላይ ተኝታ ታቃስታለች። አልጣሽን ወደ ራስጌዋ ገፏት። ከንፈሯን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። በፍርሃት አፏ ደርቋል። "ውኃ ስጧት" አልኩ። የሚያቀብላት ጠፋ፤ እሷ የጠጣችበትን ዋንጫ ማን መልሶ ይጠጣበታል? ግራዝማች "አልለቃትም ብላ ነው!" እያሉ ዱላቸውን አነሡ። ያን ጊዜ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ "ሎሚ አስቢ፣ አልጣሽ" አልኳት። ሎሚ ሲያስቡ ምራቅ እንደሚመጣ፣ ዕጢዎቹም የት የት እንዳሉ በጥር ወር ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ዓይኗን ጨፈነች። ጥቂት ቆየችና እንትፍ አለች።

በማግስቱ ጠዋት የደጊቱ ትኩሳት በረደ።

ግራዝማች በደስታ በግ አረዱ። የኪኒኑን ነገር እናቲቱም አላነሣች፣ እኔም አላነሣሁ። አልጣሽ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ብትመጣስ አጠገቧ ማን ይቀመጣል? ከሁለት ወር በላይ ነገ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ቆየሁ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይላል ያገሬ ሰው።

ከፋሲካ በኋላ ሄድኩ። ቤታቸው ወደ ወገዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ለብቻው ነው። አያ ፈንታ ማረሻ ያግላሉ፤ አልጣሽ ወናፉን ታናፋለች።

"ደህና ዋሉ፣ መምህር። የሚሳል ማጭድ ይዘው ነው?" አሉኝ አያ ፈንታ። ሌላ ምን ሊያመጣኝ ይችላል ብለው ነው።

"አልጣሽን ልጠራት ነው። ፈተናው ደርሷል፤ እሷ የምታልፍ ልጅ ናት" አልኩ። እሳቸው ወደ ልጃቸው አዩና፣ ጉጠቱን አስቀምጠው ለእኛ ሲሉ ወደ ጓሮ ወጡ።

አልጣሽ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሣች። እጅ ነሣችኝ። ከስታለች።

"ከደጊቱ ወዲህ አራት ቤት ተጠርቻለሁ፣ ጋሼ" አለችኝ። "አልሄድም ስል አባቴን ሊደበድቡብኝ ይመጣሉ። ሄጄ እንትፍ እላለሁ። አራቱም ዳኑ። ከአራቱ ኪኒን የዋጠ አንድ ብቻ ነው።"

"በሽታ በራሱም ጊዜ ይለቃል፤ ሰውነት ራሱን እንደሚከላከል ተምረሻል እኮ" አልኩ።

"ተምሬአለሁ። ማታ ማታ ደብተሬን አነባለሁ። ተስቦን ቅማል ያመጣዋል ይላል፤ በእርስዎ ቃል የጻፍኩት ነው።" ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። "ደጊቱ ኪኒኑን ስትጀምር አቀባዩ እርስዎ እንደ ነበሩ ታፈረ ነገረኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"እኔን ሲወስዱኝ ስንተኛ ቀኗ ነበር?"

"ሁለተኛ።"

"እንደሚበርድላትስ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ካወቁ ለምን ወሰዱኝ? ሌላው ሰው አልተማረም፣ አያውቅም፤ አልፈርድበትም። የሚያውቁት እርስዎ ወስደው እንትፍ በይ ካሉኝ እኔ ምን ልበል? አንዳንድ ቀን እውነት ቢሆንስ እላለሁ። እውነት እኔ ብሆንስ፣ ጋሼ?"

"አልጣሽ፣ ፈርቼ ነው" አልኳት።

"እኔን?" አለች።

ወዲያው "አይደለም" ማለት ነበረብኝ። ግራዝማችን፣ ሥራዬን፣ ስሜን ነው የፈራሁት ማለት ነበረብኝ፤ እውነቱም እሱ ነው። ግን ልጅ ሳለሁ ቀጥቃጭ በደጃችን ሲያልፍ እናቴ ወተቱን በነጠላዋ ትሸፍንብን ነበር። ያ ነገር ከውስጤ ተነቅሎ መውጣት አለመውጣቱን ለማረጋገጥ አንድ ትንፋሽ ያህል ዘገየሁ። ቀና ስል አልጣሽ ተመልሳ ተቀምጣ ወናፉን ማናፋት ጀምራ ነበር።