ወንድሜ አንቱ ሲለኝ

ታላቅ ወንድሜ ሰባት ዓመት ሙሉ አንቱ ብሎኛል። ሰው አንቱ ሲባል ደስ ይለዋል፤ የእኔ ግን ቅስም ይሰበራል። በአንድ ብርድ ልብስ አብሮኝ የተኛ፣ አፍንጫዬን እየጠረገ ያሳደገኝ ሰው «ይቀመጡ ፕሮፌሰር» ሲለኝ የት ልግባ?

ጥፋቱ የእኔ ነው። የንግድ ሥራ አመራር አስተምር ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስለሚከስሩ ሱቆች ሳወራ ምሳሌ አጣሁና የወንድሜን ጫማ መጠገኛ አነሳሁ። «ደንበኛ ‹ሶል ቀይርልኝ› ብሎ ሲመጣ ‹ገና ነው፣ ይሄድልሃል› ብሎ የሚመልስ ነጋዴ አውቃለሁ። ምን አለ በሉኝ፣ በሦስት ዓመት ይዘጋል!» ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ለካ ከሳቁት አንዷ ጫማዋን የምታሠራው እሱ ዘንድ ኖሯል፤ ያልኩትን ሁሉ ነገረችው። እኔን ያስተማረኝ ያው ሱቅ መሆኑን ግን ለማንም አልተናገርኩም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱም ደርሰውብኛል።

ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ምን በደሉኝና ፕሮፌሰር?» ይላል፣ ከሥራው ቀና እንኳ ሳይል። ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ማለዳ ሱቁ ሄጄ በርጩማ ሳብኩ።

«ልብስዎ ይቆሽሻል» አለኝ።

«ይቆሽሽ ጋሼ። ሥራ ስጠኝ።»

ሲቸግረው ያረጁ ሶሎች ሰጠኝና ስገነጥል ከረምኩ። ማስቲሽ መቀባትም አስተማረኝ፤ ያው በአንቱታ ነው። «ቀጠን ያድርጉት።»

አንዲት ደንበኛ ይህን ሰምታ፣ «ታናሽዎን ነው እንዴ አንቱ የሚሉት?» ብላ ሳቀች።

«የተማሩ ሰው ናቸው፤ እኛ ምን እናውቃለን?» አላት። ከዚያ ያመጣችውን ጫማ አገላብጦ አየና፣ «ገና ነው፣ ይሄድልሻል» ብሎ መለሰላት። ምንም ሳይሠራላት አመስግናው ሄደች። በማግስቱ የባሏንና የልጆቿን ጫማ በፌስታል ሞልታ መጣች። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ይህችን ሳላውቅ ነው ጡረታ የወጣሁት። አፈርኩ።

«ጋሼ» አልኩት ሴትየዋ ስትወጣ፣ «ያን ቀን የቀባጠርኩት ስለማላውቀው ነገር ነው። ያሳደገኝን ሱቅ ነው ያሳቅሁበት።»

መዶሻ አቀበለኝ። «ያቺን ሚስማር ይምቱልኝ።»

ፊቱን ለማንበብ ዓይን ዓይኑን እያየሁ አውራ ጣቴን ቀጠቀጥኩት።

የያዘው ጫማ ከእጁ ወደቀ። «አንተ! ምን ሆነሃል? እስቲ እጅህን አምጣ!» ጣቴን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን እፍ እፍ አለልኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«በጣም አመመህ?»

ሕመሙስ ለቆኝ ነበር። «በጣም» አልኩት፣ ደግሞ እንዲጠይቀኝ ብዬ።