የጋሽ ያዝልኝ ጣውላ

ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ያዝልኝ» ይለው ነበር። አናጢ ነው፤ በሥራ ቤቱ ደጃፍ ያለፈ ሰው ሳይጠራ አይቀርም። «ና እስቲ፣ ይቺን ጫፍ ያዝልኝ» ይላል፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ። አላፊው ይቸኩል፣ ሙሉ ልብስ ይልበስ፣ ደንታም የለው።

የተጣሉ ሰዎች እንዳሉ ከሰማ ግን ሁለቱንም በተመሳሳይ ሰዓት ይጠራቸዋል። ያለውን ረጅሙን ጣውላ ያወጣና አንዱን ጫፍ ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው አስይዞ፣ እሱ መሃል ቆሞ መጋዙን ይስባል። ምክር የለ፣ ቁጣ የለ። አንዱ ዝቅ ካደረገ ሌላው ይከብደዋል፤ አኩርፎ ጣውላ መያዝ ደግሞ የሚቻል ነገር አይደለም። ጥቂት ቆይቶ አንዱ «ከፍ አድርገው እንጂ» ይላል። ሌላው «አንተው ነህ ያወረድከው» ይላል። ወሬ ተጀመረ ማለት ነው።

ሥጋ ሻጩና ወንድሙ የታረቁት በአንድ ቁም ሳጥን ነው። ልብስ ሰፊዋና ምራቷ ግን ሁለት አልጋ ፈጅተዋል። የመጨረሻ ልጁ «የኛ ቤት ዕቃ ሁሉ በሰው ኩርፊያ የተሠራ ነው» እያለች ትቀልድ ነበር። ምላሷን አይቶ ቃሪያ ብሎ የሰየማት ራሱ ነው።

አንድ ቀን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሞርሳ አየች። እንጨት ነክሶ የሚይዝ፣ በዘይት የታሸ፣ ምንም ያልጎደለው ብረት ነው።

«አባባ፣ ይሄ እያለልህ ሰው ለምን ታስቸግራለህ?»

«ሞርሳው ከማን ጋር ተጣላና?» አላት።

ቤት ሲመጣም ለሰው ማሰቡ ያው ነበር። ሚስቱን አቧራ ያስላታልና፣ ሰጋቱራውን ከልብሱ ደጅ አራግፎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ «እመቤቴ፣ ልግባ?» ሳይል ገብቶ አያውቅም። ቃሪያ የሁሉም ሰው አባት እንደዚህ አስፈቅዶ የሚገባ ይመስላት ነበር። እንዳልሆነ ያወቀችው የጓደኞቿን ቤት ስታይ ነው።

ከዚያ ታመመና በሦስተኛው ቀን ሞተ።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ትልቁ ወንድሟ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ታናሹን «በጊዜ ብታመጣው ይተርፍ ነበር» አለው። ሒሳብ አስተማሪው ታናሹም «አንተ መንገድ ላይ ስትዞር ነው የሞተው» ብሎ መለሰለት። ይኸው ሦስት ወር፣ እናታቸው ቤት አንዱ ቅዳሜ ይመጣል፣ ሌላው እሑድ። ሥጋ ሻጩ እንኳ ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ነበር፤ ሁለቱም «እሱ ይጀምር» ብለው መለሱት። እናታቸው ሁለቴ ታበስላለች፣ ከሁለቱም ጋር አትበላም። ፊቷ ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሲሄድ ቃሪያ ታያለች። እናቷንም እንዳታጣ ፈራች።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጣች። ጋሽ ያዝልኝ በታመመ ጊዜ እዚያ ተራ ሲጠብቅ፣ በሽተኞች ቆመው አይቶ አግዳሚ ወንበር ሊሠራላቸው ቃል ገብቶ ኖሯል። ነርሷ ልትጠይቅ እንኳ አፍራ ነበር። ቃሪያ በሕይወቷ መጋዝ ስባ የማታውቅ ልጅ፣ «ቅዳሜ እንሠራዋለን» አለቻት።

ለሁለቱም ወንድሞቿ ቅዳሜ አራት ሰዓት አባባ ሥራ ቤት ኑ፣ ጣውላው ከብዶኛል፣ ያኛው አይኖርም አለቻቸው። ውሸት ነው፣ ያውም ትልቅ። አባቷ ሳይዋሽ ሰው የሚሰበስብበት ግርማ ነበረው፤ እሷ ያላት ምላስ ብቻ ነው።

ሾፌሩ ቀድሞ ደረሰ። አስተማሪው በሩ ላይ ሲያየው ፊቱን አዞረ።

«ሂዱ፣ ማንም አልያዛችሁም» አለች ቃሪያ። «እኔ ለበሽተኞቹ አባባ ቃሉን በላ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

ሳይተያዩ፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ጫፉን ያዙ።

መሳብ ጀመረች። መጋዙ ይንገጫገጫል፣ ከእርሳሱ መስመር ይወጣል። አስተማሪው ጠማማ መስመር አይችልም፤ ጥርሱን ነከሰ። መሃል ላይ ሲደርስ መጋዙ ተቀርቅሮ ቀረ።

«ጫፉን ወደ ራስህ ሳበው፣ እንጨቱ መጋዙን ነክሶታል» አለ ሾፌሩ። ለሷ አልነበረም።

አስተማሪው ሳበ፤ መጋዙ ተላቀቀ። ቃሪያ ቀስ እያለች መሳቧን ቀጠለች፤ ጣውላው ቶሎ ተቆርጦ እንዳያልቅባት።

አስተማሪው ዓይኑን ከጣውላው ሳያነሳ፣ «ፈተና እያረምኩ ነበር» አለ። «ሆስፒታል እንሂድ አልኩት። ደህና ነኝ፣ የሰው ልጅ ውጤት ይጠብቃል፣ ጨርስ አለኝ። አመንኩት።»

ሾፌሩ ጫፉን አጥብቆ ያዘ። ጥሎ እንዳይሄድ ጣውላው በእጁ ነው።

«ለኔም በስልክ ደህና ነኝ ነው ያለኝ» አለ። «ልመለስ ስለው፣ ጭነቱን አድርስ፣ ሰዎቹ ይጠብቁሃል አለኝ።»

ቃሪያ መጋዙን አቆመች። ለካ አባቷም ይዋሻል። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ያዙልኝ ሲል የኖረ ሰው፣ የራሱን ሕመም ጫፉን እንኳ ለማንም ሳያስይዝ ሄደ። ልትናደድበት ፈለገችና አልቻለችም፤ ይህን ያህል የሚያስብላቸው አባት ስለነበራቸው አመሰገነች።

«ወንድሜ፣ ያልኩህን ሁሉ…» አለ ሾፌሩና አልጨረሰውም።

«እኔም» አለ አስተማሪው።

ጣውላው ተቆርጦ ወደቀ። አስተማሪው ጎንበስ ብሎ ለካውና ሦስት ጣት ያህል ጠሟል አለ። ሾፌሩ አንተ ስለወዘወዝከው ነው አለው። አስተማሪው እንዲህ ከነዳህ መኪናውም ገደል ነው የሚገባው አለው። ድምፃቸው ከጀርባ ካለው ቤታቸው ጓዳ ድረስ ተሰማ።

እናታቸው እጇን ሳትጠርግ እየሮጠች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሁለቱም ክው ብለው ዝም አሉ። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፤ ከዚያ ሰጋቱራው እንደሚያስላት ረስታ የተቆረጠው ጣውላ ላይ ቁጭ አለች።

«ለምን አቆማችሁ? ተነታረኩ እንጂ፣ ልጆቼ» አለች። «እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።»