ሃያ የተጨመረበት ነፋስ

ሽማግሌውን ከኋላቸው «አካብዴ» የማይላቸው አንድም መንገድ መሪ አልነበረም። ፊት ለፊታቸው ግን ማን ደፍሮ! ፊት ለፊት «አባታችን» ነው፣ «እንዴት አደሩ» ነው፤ ዘወር ሲሉ አካብዴ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከተራራው ሥር ባለችው ክፍል እየተቀመጡ፣ አናቱ ላይ ከተተከለው መለኪያ የነፋሱን ፍጥነት በየማለዳው ያነባሉ፤ በሩ ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳም ቁጥሩን በጠመኔ ይጽፋሉ። ተራራ የሚወጣ ሰው ሁሉ ሰሌዳውን ሳያይ የጫማውን ማሰሪያ አያጠብቅም።

ጉልበታቸው ሲከዳቸው ሥራውን ለሴት ልጃቸው አስረከቡ። ቤት መዋል ግን አልሆነላቸውም። በየጠዋቱ ይመጡና ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ መስኮቱ ላይ የጋገረውን ውርጭ በጥፍራቸው ይፍቃሉ።

ልጅቷ በሦስተኛው ቀን የአባቷን የድሮ መዝገብ ከመለኪያው ወረቀት ጋር ስታስተያይ ክው አለች። መለኪያው ሠላሳ ባለበት ቀን ሰሌዳው ሃምሳ ብሏል። አርባ ባለበት ስልሳ። አንድም ቀን ሳይዛነፍ ሃያ ተጨምሮበታል።

«አባባ፣ ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«ሰው ደፋር ነው» አሉ፣ ከሻያቸው ቀና ሳይሉ። «ሠላሳ ብትይው እየዘፈነ ይወጣል። ሃምሳ ስትይው ቆም ብሎ ያስባል። በዚያች ሃያ ስንቱን እንዳተረፍኩ ፈጣሪ ያውቃል።»

«ውሸት እኮ ነው!»

«እንግዲህ ሥራው ያንቺ ነው፣ እንደወደድሽ አድርጊ። ለሰው ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። በስተርጅና አታዋርጂኝ።»

እሷም ልኩን መጻፍ ጀመረች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም። እስቲ ንገሩኝ፣ አባቷን በአደባባይ ውሸታም የምታሰኝ ልጅ የት አለች? የበረዶው ወራት እስኪጋመስ ነፋሱ ለስላሳ ስለነበር ማንም ምንም አልሆነም።

አንድ ማለዳ መለኪያው በሰዓት ሰባ ኪሎ ሜትር አለ። ሰባ ቀልድ አይደለም። በዚያ ላይ የላይኛው ጠርዝ በግግር በረዶ ተለስኗል። ልጅቷ «ሰባ» ብላ በትልቁ ጻፈችና ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ጠመኔውን ሳታስቀምጥ ታላቅ ወንድሟ ባልና ሚስት እንግዶች አስከትሎ ደረሰ። መንገድ መሪ ነው፤ ያንን ተራራ እንደ ቤቱ ደጃፍ ያውቀዋል።

«ሰባ!» ብሎ ሳቀ። ገብቶ የአባቱን ጉንጭ ሳመና እህቱን ጠቀሳት።

«ወንድምጋሼ፣ ዛሬስ ይቅርባችሁ።»

«አንቺም አባባን ሆንሽ በቃ!»

«የምሬን እኮ ነው። ሰባ ነው።»

«እሺ፣ ሰባ ነው፣ ሰባ ነው» አላት፣ ሕፃን እንደሚያባብል።

ያቺ ጥቅሻ አሳሰበቻት። ያውቃል እንዴ? «ሃያውን ትቼዋለሁ» ማለት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አባቷ ግን እዚያው ብርጭቋቸውን ይዘው፣ ወለል ወለሉን እያዩ ተቀምጠዋል። እንግዶች ፊት እንዴት ብላ? ወንድሟ ሲወጣ ተከትዬ ልንገረው ስትል ስልኩ ጮኸ፤ በረዶ የሚጠርገው ሾፌር ስለ መኪና ማቆሚያው ይጠይቃል። እሱን መልሳ ስትወጣ ሦስቱም ከመታጠፊያው አልፈዋል። ሲመለስ እነግረዋለሁ ብላ ገባች። ወይ ሲመለስ!

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የነፍስ አድን ሠራተኞች ባልና ሚስቱን ደግፈው ወረዱ። ወንድሟን ያመጡት በቃሬዛ ነው፣ ፊቱን ሸፍነው። ጠርዙ ላይ ሚስትየዋ ስትንሸራተት ገፍትሮ ከድንጋይ ጋር አጣበቃት፤ እሱን ነፋሱ ወሰደው።

ባልየው ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ያንኑ ይደጋግማል፦ «እኔ እንመለስ ብዬው ነበር። እሱ ግን 'እዚህ ሰባ ማለት ሃምሳ ነው፤ ሃምሳውን ስንቴ ወጥቼዋለሁ። ሽማግሌው እንዳያፍሩ ብለን ሁላችንም ዝም ብለን እንቀንሳለን' አለኝ። እስከ ጠርዙ ድረስ ተራራው ስለከለለን አላወቅነውም።»

ልጅቷ ዞራ አባቷን አየቻቸው። ከማሞቂያው አጠገብ ንቅንቅ አላሉም፤ አላለቀሱምም።

ለቀስተኛው ሁሉ «ምን በወጣሽ፣ ሰባ ብለሽ ጽፈሻል» እያለ አጽናናት። በሰማችው ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር።

በአራተኛው ቀን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። መለኪያው አርባ ይላል፤ አርባ ብላ ጻፈች። አባቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡና «ጠመኔውን አምጪ» አሏት። ከሥሩ ጨመሩበት፦ «ይህ ልኩ ነው። ሃያ ስጨምር የኖርኩት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ አትቀንሱ።» ከዚያ ፈረሙ፦ «አካብዴ»።

ልጅቷ ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይሄን ስም ማን ነገረዎት?»

«በሁለተኛው ዓመት ነው የሰማሁት። ከመስኮቱ ሥር ቆመው ሲሳሳቁ።»

«እንደሚቀንሱም ያውቁ ነበር?»

«በኋላ በኋላ፣ ስለሚቀንሱ እኮ ነበር የምጨምረው።»

ደሟ ፈላ። «ታዲያ እኔ ሃያውን መተዌን እያወቁ፣ ያን ዕለት ልጅዎ ሰሌዳውን አይቶ ሲስቅ፣ እዚያ ተቀምጠው አፍዎን ምን ዘጋው?»

ሽማግሌው ሰሌዳውን እንጂ እሷን አላዩም። «መሳቂያ ሆኜ መኖሬን እንዳታውቂብኝ ብዬ።»

«እኔ ደግሞ እርስዎን እንዳላዋርድ ብዬ። እሱም እንዳያፍሩ ብሎ» አለች። «ተከባብረን ገደልነው፣ አባባ» ብላ ጠመኔውን ከእጃቸው ተቀበለች።