ጀርባዬን ሰጥቼው የዋልኩት ሐይቅ

ልጄን «ዳይሬክተሩ» ብዬ የማሾፍበት ዝም ብዬ አይደለም። ሥራው ሶፋና አልጋ መሸጥ ነው፤ ግን ስልኩን ከኪሱ ያወጣ እንደሆነ ሰው ሁሉ ተዋናይ ይሆንበታል። «ጠጋ በል፣ ቀና በል፣ ፈገግ በል፣ እጅህን ከኪስህ አውጣ!» ሻይ ሲቀርብለት እንኳ ፎቶ ሳያነሳው አይጠጣም። እሱ ወዲያና ወዲህ ሲል ሻዩ በረዶ ይሆናል፤ በረዶውን ይጠጣና «ደስ ሲል!» ይላል። ምኑ ነው ደስ የሚለው?

እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጎንበስ ብዬ፣ ቀኝ ዓይኔ ላይ ማጉያ ሰክቼ፣ ለማየት የምታስቸግር ብሎን ስፈታና ሳስር ኖሬአለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ታዲያ የዓይን ሐኪሙ መብራቱን አጥፍቶ አብርቶ፣ ወረቀቱን አገላብጦ፣ «አባት፣ ግራው አልቆለታል። ቀኙም ቢበዛ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ነው» አለኝ። ነርቩ ነው አሉ፤ መነጽርም ኦፕራሲዮንም አይመልሰውም። «ሩቅ ያለ ነገር ማየት የሚፈልጉ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ይዩ። ጠዋት ጠዋት፣ ብርሃኑ ጥሩ ሲሆን፣ ረጋ ብለው።»

ለማንም አልተነፈስኩም። ብናገር ልጄ በማግስቱ የሱቄን ቁልፍ እንደሚቀበለኝ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ማየት ነበረብኝ፤ ከዚያ በኋላ ቁልፉንም እኔንም ይውሰዱን ብዬ ነበር።

ማየት የፈለግኩት ሐይቁን ነው። ሐይቁንም ሳይሆን፣ መሃሉ ላይ ያለችውን ትንሽዬ ደሴት። ከባለቤቴ ጋር፣ ነፍሷን ይማርና፣ በተጋባን በሦስተኛው ወር እዚያ ሄደን ነበር። እሷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ «ያቻትን ደሴት አየሃት? አንድ ዛፍና አንድ ነጭ ቤት ብቻ ነው ያለባት። ስናረጅ እዚያ ነው የምንኖረው፤ በር የሚያንኳኳብን ደንበኛ የለ፣ ምን የለ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ የእጅ ሰዓቷ ማሰሪያ ላልቶባት ኖሮ፣ አቀርቅሬ እሱን እያጠበቅኩ ነው። «ሌላ ጊዜ አያታለሁ፤ ሐይቁ የት ይሄዳል?» አልኳት። ቀና እንኳ አላልኩም! ከዚያ ልጅ መጣ፣ ሥራ በዛ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሄደ፣ እሷም ሄደች። ያን ቀን አንገቴን ምን ያዘው እላለሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ልጄን «እሑድ ሐይቁ ጋ ውሰደኝ» አልኩት። ፊቱ በራ። «አባዬ! አንተ ራስህ ሽርሽር ጠየቅክ? ይሄማ ፎቶ መነሳት አለበት!» አለ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደረስን። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ሐኪሙ ያዘዘልኝ ብርሃን እሱ ነው። ከመኪናው ወርጄ ወደ ውሃው ገና ሁለት እርምጃ ስራመድ፣ «አባዬ፣ ቁም ቁም! ወደዚህ ዙር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞርኩ። ዳይሬክተሩ ሣሩ ላይ ተንበርክኳል። ሚስቱ ሮጣ መጥታ ኮሌታዬን ታስተካክልልኛለች። ደግ ልጅ ናት፣ እሷን ምንም አልላትም።

«አባባ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ እንጂ። የተቆጡ ይመስላሉ።»

«ተቆጥቻለሁ እኮ!»

«በቃ እንደሱ! እንዳትነቃነቅ!» ይላል ልጄ እየሳቀ።

አንድ ሁለት ካነሳ ይበቃዋል ብዬ ነበር። ምን ይበቃዋል! ቆሜ፣ ተቀምጬ፣ ባርኔጣዬን አድርጌ፣ አውልቄ፣ ከሚስቱ ጋር፣ ከእሱ ጋር። ሐይቁ ከኋላ ካልሆነ አያምርም አለ። አንገቴን ባዞርኩ ቁጥር «አባዬ፣ ስልኩን እይ!» ይለኛል። የተቀቀለ እንቁላል ስበላ አነሳኝ። ስልጠው አነሳኝ። ጫማዬን ሳስር እንኳ አነሳኝ፤ ይሄኛው «ተፈጥሯዊ» ነው አሉ።

አንዴ «እስቲ ቆየኝ፣ ውሃውን ልይ» አልኩት።

«ታየዋለህ፣ አንድ ብቻ! ብርሃኑ ሳይሄድብን!»

የማን ብርሃን ነው የሚሄደው? አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ልጁ እናቱ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ሆዴ አልጨክን አለ። ሞኝ ሆድ!

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተና «በቃ አባዬ፣ አሁን ነጻ ነህ» አለኝ። ዞርኩ። ለካ ከወዲያ ካለው ተራራ ጉም ወርዶ ውሃውን ከዳር እስከ ዳር አልብሶታል። ነጭ ነው፤ ሌላ ምንም የለም።

«ደሴቷ የታለች?» አልኩት።

«የቷ ደሴት? እ... ጉሙ ውስጥ ናት መሰለኝ።»

«እንጠብቃት። እስኪገለጥ ድረስ እቀመጣለሁ።»

«ኧረ ዝናብ ሊመጣ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ጭቃ ነው። ሌላ ጊዜ እናያታለን አባዬ። ሐይቁ የት ይሄዳል?»

ክው አልኩ። ቃል በቃል የእኔው ንግግር ነው፤ አባባሉ እንኳ አልቀረም። ማንን ልቆጣ? አባቱን ነው የመሰለው። መኪናው ውስጥ ገባሁ።

መንገድ ላይ አንድ ተስፋ መጣልኝ። ያን ሁሉ ፎቶ ሲያነሳኝ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ አንዱ ላይ እንኳ ከኋላዬ ሳትገባ አትቀርም። «እስቲ ስልኩን አምጡልኝ» አልኩና ማጉያዬን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ዓይኔ ላይ ሰካሁ። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ፊት ነው። ሽብሽቡ፣ ኪንታሮቱ፣ ምላጭ የዘለላት ፀጉር ሳትቀር ቁልጭ ብላለች። ከፊቴ ኋላ ግን ግራጫ ነገር ብቻ ነው። ዓይኔ መስሎኝ ጠራረግኩት። ሌላውን አየሁ፤ እሱም ግራጫ ነው። ሌላውም።

«የኔ ልጅ፣ ከኋላዬ ያለው ለምንድን ነው የማይታየው?» አልኳት ምራቴን።

«እሱማ ስልኩ ነው አባባ! የሰውየው ፊት ጎልቶ እንዲወጣ ከኋላ ያለውን ያደበዝዘዋል። አያምርም?»

«ሁሉም ላይ?»

«ሁሉም ላይ! አዲስ ስልክ እኮ ነው።»

ልጄ ከመሪው ላይ ሆኖ «አንዷን ለጥፌያት ነበር፤ ሰው ሁሉ 'የታደሉ አባት' እያለ ነው» አለ።

ያኔ ነው የፈነዳሁት። «የታደሉት አባትህ ዓይናቸው ሊጠፋ ነው!» አልኩ። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩት። ልጄ መኪናውን ዳር አቆመ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። «ለምን አልነገርከኝም?» አለ፤ ድምፁ ተሰባብሯል።

«ቀኑን ሙሉ ስታየኝ ዋልክ እኮ» አልኩት።

መኪናውን አስነሳ። እኔም ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ያ የሰዓት ማሰሪያ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

በነጋታው «እንመለስ» አለ። ዝናቡ ግን መንገዱን በላው፤ ሁለት ወር ሙሉ መኪና አላሳልፍ አለ። ሲከፈት ሄድን። ልጄ ስልኩን መኪናው ውስጥ ትቶ፣ ክንዴን ይዞ፣ «ያቻት አባዬ፣ ዛፏ፣ ነጯ ቤት» እያለ በጣቱ ጠቆመኝ። ጣቱንም አላየሁትም።

መንገዱ ተዘግቶ ሳለ ከፎቶዎቹ አንዱን በትልቁ አሳትሞልኝ ነበር፤ አሁን ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል። ዓይኔ ጨርሶ ሳይከዳኝ በፊት በማጉያ ስመረምረው፣ ከግራ ትከሻዬ በላይ አንዲት ነጣ ያለች ነጠብጣብ አግኝቼ ነበር። ቤቷ ትሁን የመንገደኛ ባርኔጣ፣ እኔ እንጃ። እዚያ ማዶ ባለቤቴ አግኝታኝ «እሺ፣ አየሃት?» ያለችኝ እንደሆነ፣ የማሳያት ይህንኑ የራሴን ፊት ነው።